የሰማዩን ድምፅ ማን ያነበዋል?

አንድ ኅብረተሰብ የአንድ መሣሪያ ባለቤት ሆነ የሚባለው መቼ ነው? መሣሪያው በስሙ ሲመዘገብ ነው? ዋጋው ተከፍሎ ሲያልቅ ነው? ወይስ መሣሪያው የሚናገረውን አንብቦ ጤንነቱንና ሕመሙን ለይቶ ለማወቅ ሲበቃ ነው? ይህ ጥያቄ በፋብሪካ ውስጥ ለሚውል ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። የቦይለር ተረኛ የሆነ ሠራተኛ ጌጁን ማንበብ ካልቻለ፣ ባለንብረቱ ማንም ይሁን ማን፣ የቦይለሩ እውነተኛ አዛዥ ጌጁን የሚያነበው ሌላው ሰው እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ዛሬ ልናነሣ የምንፈልገው ይኸው ጥያቄ ከምድር በላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሲጠየቅ የሚይዘውን መልክ ነው።

እንደሚታወቀው፣ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ማለዳ ከቻይናው የታይዩዋን ማስወንጨፊያ ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ተጭና ወደ ጠፈር ወጣች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ የተሰጣት ተግባር የእርሻን፣ የደንንና የውሃን ሁኔታ ከላይ ሆና ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። በጊዜው እንደተገለጸው ለሥራው ከወጣው 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 6 ሚሊዮን ያህሉን የሸፈነችው ቻይና ናት። በእንጦጦ የኅዋ ምርምር ማዕከል ባለሥልጣኖች፣ ምሁራንና ጋዜጠኞች ገና ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ሮኬቱ ሲነሣ በቀጥታ ሥርጭት ተመለከቱ፤ ደስታውም የአገር ደስታ ሆነ።

በዚያ ደስታ መካከል ብዙው ሰው ያላስተዋለው አንድ ነገር ነበር። ያቺው ሮኬት የተሸከመችው ዋና ጭነት ቻይናና ብራዚል በጋራ የሠሩትን ትልቅ ሳተላይት ሲሆን፣ ከጎኑ ከተጫኑት ታናናሾች መካከል ከእኛይቱ ሌላ ፍሎሪፓሳት-1 የምትባል እያንዳንዱ ጎኗ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ፣ በእጅ የምትያዝ ሣጥን ነበረች። የሠሯት የብራዚሉ የሳንታ ካታሪና ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። የኃይል ማከፋፈያዋን፣ ኮምፒዩተሯንና ሬዲዮዋን ራሳቸው ነድፈው፣ ንድፉንም ለማንም ገልጠው አውጥተዋል። ድምፅዋን የምታሰማው በአማተር ሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ፣ በየትኛውም አገር ያለ አዳማጭ አንቴናውን ዘርግቶ የባትሪዋን መጠንና የሰውነቷን ሙቀት ሊያነብላት ይችል ነበር። አንዲት ሮኬት በአንድ ማለዳ ሁለት ዓይነት ሳተላይት አወጣች ማለት ነው፤ አንደኛይቱ በገንዘብም በጥቅምም የምትበልጥ፣ ሁለተኛይቱ ግን ከላይ እስከ ታች በሠሪዎቿ የምትነበብ።

ይህን ስንል የእኛን ለማሳነስ አይደለም። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በኢቲአርኤስኤስ-1 ሥራ ተካፍለው ሠልጥነዋል፣ የመቆጣጠሪያው ጣቢያም በእንጦጦ ተተክሏል። በዓመቱ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ 8.9 ኪሎ ግራም ብቻ የምትመዝነው ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ ከዌንቻንግ ተወንጭፋለች። ክርክራችን ከዚህ ቀጥሎ ስላለው ደረጃ ነው፤ ንባቡ ከእንጦጦ ወርዶ በየመንደሩ የሚደርሰው እንዴት ነው?

በመሠረቱ ቴሌሜትሪ ማለት ሌላ ምሥጢር ያለው ነገር ሳይሆን ጌጁን ከማሽኑ አርቆ የማንበብ ዘዴ ነው። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. የተወነጨፈችው ስፑትኒክ ቢፕ ቢፕ የምትለው ለጌጥ አልነበረም። በውስጧ ያለው ሙቀት ወይም የጋዝ ግፊት ከተወሰነለት ልክ ሲወጣ የድምፁ ርዝመት እንዲለወጥ ተደርጎ የተሠራ ነበር። በዓለም ዙሪያ ያሉ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው አዳመጧት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እነዚሁ ሰዎች ከአዳማጭነት ወደ ሠሪነት ተሸጋገሩ። በካሊፎርኒያ የሚኖሩ አማተሮች በትርፍ ጊዜያቸው የሠሯት ኦስካር-1 ከአንድ የአሜሪካ ወታደራዊ ሳተላይት ጎን ተጭና ወጣች። 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ይህች ሣጥን ቦታ ያገኘችው በሮኬቱ ውስጥ ሚዛን እንዲጠብቅ በሚቀመጥ ብረት ፈንታ ነው፤ ያለ ሥራ ይሄድ በነበረ ብረት ቦታ ማለት ነው። በሞርስ ፊደል ያለማቋረጥ የምትለው አንዲት አጭር ሰላምታ ብቻ ስትሆን፣ የሰላምታው ፍጥነት ግን እንደ ውስጣዊ ሙቀቷ ይጨምርና ይቀንስ ነበር። ሰዓት የያዘ ሰው ሰላምታውን ቆጥሮ የሳተላይቷን ትኩሳት ያውቃል። ባትሪዋ ሦስት ሳምንት ያህል በሠራበት ጊዜ በ28 አገሮች የሚገኙ ከ570 የሚበልጡ አማተሮች ያዳመጡትን መዝግበው ላኩ። በዓለም ላይ የመጀመሪያው የሕዝብ ቴሌሜትሪ ይህ ነበር ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ደንብ መታወስ አለበት። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ በአማተር ሞገድ ከአገር ወደ አገር የሚተላለፍ መልእክት ትርጉሙን ለመሰወር ተብሎ እንዳይመሰጠር ይደነግጋል፤ ለሳተላይት ትእዛዝ የሚሰጥበት ምልክት ብቻ ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ የአማተር ሳተላይት፣ የትም ትሠራ የት፣ ስታወራ የምታወራው ለሁሉም ነው።

ይህች ሣጥን ለመወንጨፍ የምትዘጋጀው እንዴት ነው? አንባቢያችን፣ በተለይም በእጁ የሚሠራው፣ በዚህ ላይ ትንሽ ቢቆይ አይከፋውም ብለን እናምናለን። ኪዩብሳት የሚባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1999 በሁለት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ በቦብ ትዊግስና በጆርዲ ፑይግ-ሱዋሪ፣ የተደነገገ ነው። ዓላማው ቀላል ነበር፤ ሁሉም በአንድ ልክ ከሠራ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ማስወጫ ሣጥን ሊገባ ይችላል። መጀመሪያ ላይ የተፈቀደው ክብደት 1 ኪሎ ግራም ነበር፤ በኋላ 1.33፣ ከዚያም 2 ኪሎ ግራም ደረሰ። በዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ ባትሪ፣ ኮምፒዩተር፣ ሬዲዮና ተጣጥፎ የሚቀመጥ አንቴና ይገባሉ፤ ግድግዳዎቿ በፀሐይ ሰሌዳ ይለበጣሉ። አንቴናው ብዙ ጊዜ የአናጢ ሜትር ከሚሠራበት ዓይነት የብረት ጥብጣብ ነው። ተጠቅልሎ በናይሎን ክር ይታሰራል፤ ሳተላይቷ ከሮኬቱ ከወጣች በኋላ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ክሩን ታቃጥለዋለች፤ አንቴናውም በራሱ ጉልበት ይፈነጠራል። በሚሊዮን ከሚቆጠር ዶላር ሮኬት ጫፍ ላይ የአንዲት ሣጥን ዕድል በናይሎን ክር ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ መሆኑ ያስገርማል።

ከመወንጨፍዋ በፊት ሣጥኗ በሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ታስራ ሮኬቱ እንደሚያናውጣት ትናወጣለች። ይህ የሚደረገው ለእርሷ ብቻ ታስቦ አይደለም፤ አንዲት የላላች ብሎን ወጥታ የዋናውን ጭነት ሳተላይት እንዳትጎዳ ነው። ቀጥሎም አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ ትሞቃለች፣ ትቀዘቅዛለች። በጠፈር አየር ስለሌለ የጋለ ዕቃ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ የለም፤ ሙቀቱ የሚወጣው በብረቱ ተላልፎና በጨረር መልክ ብቻ ነው። በምድር ላይ ጠረጴዛ ላይ ሳለ በደንብ የሠራ ሬዲዮ እዚያ ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። ፕላስቲክና ማጣበቂያም በባዶ ቦታ ጋዝ እየተፉ የካሜራ መስተዋት ስለሚያደበዝዙ አስቀድመው እንዲተፉ ይደረጋሉ። በመጨረሻም ባትሪዋ ተሞልቶ፣ ኃይሏ በመቁረጫ ተቋርጦ፣ ፍጹም ዝም ብላ በማስወጫው ሣጥን ትገባለች። ከወጣችም በኋላ ከሌሎቹ እስክትርቅ ድረስ አንቴናዋን ለመፍታት ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግዴታዋ ነው። ሠሪዎቿ በምድር ላይ ያን ግማሽ ሰዓት እንዴት እንደሚያሳልፉት መገመት አያዳግትም።

ከዝግጅቱ ሁሉ ግን ንባቡን የሚወስነው ሌላ ሥራ ነው፤ እሱም የመለኪያዎች ምርመራ ነው። ሳተላይቷ ከሰማይ የምትልከው ቮልት ወይም ዲግሪ አይደለም፤ ከ0 እስከ 255 ያለ ባዶ ቁጥር ነው። «190» ብላ ብትልክ ምን ማለቷ ነው? መልሱ ያለው ከመወንጨፏ በፊት በተጻፈ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። በምድር ሳለች ባትሪዋ በትክክለኛ ቮልት መለኪያ ተለክቶ እያንዳንዱ ቁጥር 0.04 ቮልት ነው ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ፣ 190 ሲባዛ በ0.04፣ 7.6 ቮልት ይሆናል። ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች ተቀጣጥለው ሙሉ ሲሆኑ 8.4 ቮልት፣ ባዶ ሊሆኑ ሲቀርቡ 6 ቮልት ስለሚሰጡ፣ 7.6 መካከለኛ ጤንነት ነው። መዝገቡ ካልተያዘ ግን ቁጥሩ ለዘለዓለም ባዶ ቁጥር ሆኖ ይቀራል፤ ማንም ወደ ላይ ወጥቶ ሊለካት አይችልምና። የሰማዩ ንባብ በምድር ላይ የሚጻፍ መሆኑ በግልጽ የሚታየው በዚህ ነው። የተሠራና የታሸገ ዕቃ የሚገዛና ከመዝገቡ ጋር የሚያድግ ሰው ልዩነታቸውም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ፉሪ እንመለስ። ከፉሪ ተራራ ሥር የሚኖረው ሕዝብ ለአንቴና እንግዳ አይደለም። በራሱ በተራራው ራስ ላይ የመገናኛ ማማዎች ቆመዋል፤ በደቡብ በኩል በጌጃ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ማሰራጫ ተተክሏል፤ በሰሜን በኩል በሱሉልታ የቴሌኮሙኒኬሽኑ የሳተላይት ምድር ጣቢያ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱን ዓለም አቀፍ ስልክ ሲያገናኝ ኖሯል። አዲስ አበባን የከበቡት እነዚህ መንደሮች፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ ፉሪ ራሷ ክፍለ ከተማ ሆና ሳለ፣ የአገሪቱን ድምፅ ሲያሳልፉ የኖሩ ናቸው። ሆኖም ነዋሪው ከማማው ጋር ያለው ግንኙነት ጥላው ሥር ከመኖር ብዙም አላለፈም።

ከፉሪ ሰማይ ላይ የምታልፍ አንዲት ትንሽ ሳተላይት ብናዳምጥ የሚገጥመን ምንድን ነው? በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትበር ከአድማስ እስከ አድማስ የምትቆየው 10 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በምዕራብ በኩል ዝቅ ብላ ከመጣች ወጨጫ ይጋርዳታል፤ በሰሜን በኩል እንጦጦ አለ። ድምፅዋም እንደቆመ ድምፅ አይደለም። በሰበታ መንገድ ጡሩምባውን እየነፋ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሲቀርብ ድምፁ ቀጥኖ፣ ሲርቅ ወፍሮ እንደሚሰማ ሁሉ፣ በ437 ሜጋኸርትዝ የምታወራ ሳተላይትም ስትመጣ 10 ኪሎኸርትዝ ያህል ከፍ ብላ፣ ስትሄድ ያንኑ ያህል ዝቅ ብላ ትሰማለች። አዳማጩ ካልተከተላት ታመልጠዋለች። (መብራት ቢጠፋም አትጠብቅም፤ ስለዚህ ባትሪው የተሞላ ኮምፒዩተር የግድ ነው።)

ከተያዘች በኋላ የምትናገረው ብዙ ነው። የባትሪው ቮልት በምድር ጥላ ውስጥ ስትገባ ይወርዳል፤ ፀሐይ ስታገኝ ያገግማል። በአንድ ዙር፣ ማለትም በ95 ደቂቃ ገደማ ውስጥ፣ 35 ደቂቃ ያህሉን በጨለማ ልታሳልፍ ትችላለች። የአንደኛው ግድግዳ የፀሐይ ሰሌዳ ኤሌክትሪክ በየ20 ሰከንዱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ሣጥኗ በደቂቃ ሦስት ጊዜ እየተሽከረከረች ነው ማለት ነው። ኮምፒዩተሯ ስንት ጊዜ ጠፍቶ እንደተነሣ የሚቆጥረው ቁጥር ባልታሰበ ጊዜ ዘሎ ከተገኘ የጠፈር ጨረር ወይም የፕሮግራም ስሕተት ይጠረጠራል። አንድ ወጣት በእርሳስና በወረቀት ከእነዚህ ቁጥሮች ያላያትን ዕቃ ሁኔታ ሲያወጣ፣ በትምህርት ቤት የተማረው ማባዛትና ማካፈል ምን ሥራ እንዳለው የሚነግረው ሌላ መምህር አያስፈልገውም።

ንባቡ ደግሞ ለአዳማጩ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በዋልታዎቹ ላይ እየዞረች የምትሄድ ሳተላይት በሰሜን ጫፍ ያሉ አገሮችን በየዙሩ ስታገኝ፣ ከኢኳቶር አጠገብ ያለን እኛን የምታገኘን በቀን ጥቂት ጊዜ ነው። በአውሮፓ አዳማጮች ተጠጋግተው የሚገኙትን ያህል በምሥራቅ አፍሪካ አይገኙም። ስለዚህ በብራዚል ወይም በጋና ያሉ ተማሪዎች ሳተላይታቸው በእኛ ሰማይ ላይ ሳለች ምን እንደደረሰባት ሊነግራቸው የሚችለው እዚህ ያለ ሰው ነው።

በምድራችን ላይ ቴሌሜትሪ ማንበብ የጀመርነው እኛ አለመሆናችንም ሊነገር ይገባል። ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ በሆነችው በአሥመራ የነበረው የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 ባለው ጊዜ፣ አንደኛው 26 ሌላው 46 ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ሁለት ታላላቅ ሳሕን አንቴናዎች የሶቪየት የጠፈር መንኮራኩሮች ወደ አገራቸው የሚልኩትን ቁጥር ሲጠልፍ ነበር። ቦታው የተመረጠው ለከፍታውና ለምቹ አቀማመጡ ነው። የአንዱ ኃያል አገር ጌጅ በሌላው ኃያል አገር ሲነበብ፣ ምድሩን የሰጠው ሕዝብ ግን ከአጥሩ ውጭ ነበር። ከዚያው ግቢ ኢቲ3ዩኤስኤ በሚል መለያ የአማተር ሬዲዮ ይተላለፍ ነበር፤ ባለ መለያው ግን የባሕር ማዶ ወታደር ነበር። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ክበብ ኢቲ3ኤኤ በሚለው መለያው በዓለም አማተሮች ዘንድ የታወቀ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይደመጣሉ። አንደኛው «ውሃና መንገድ ያልተሟላለት መንደር ስለ ሳተላይት ምን አገባው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከልብ የመነጨ ስለሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባም፤ ነገር ግን ዝናብን፣ ሰብልንና የመሬትን ይዞታ የሚነግረን መረጃ ዛሬ የሚመጣው ከላይ መሆኑን ይዘነጋል። ሁለተኛው፣ በእኛ ግምት የባሰው፣ «ሳተላይት አለችን፤ ጠፈር ገብተናል» ብሎ የሚረካው ነው። የኢቲአርኤስኤስ-1 የታቀደ የአገልግሎት ዘመን 2 ዓመት ነበር። ዕቃ ያረጃል፤ ከዕቃው ቀጥሎ የሚቀረው ያነበበው ሰው ዕውቀት ነው። ጎረቤቶቻችን ይህን ተረድተው በትንሹ ጀምረዋል። የጋና ተማሪዎች በ2017፣ የኬንያ ዩኒቨርሲቲ በ2018፣ ኡጋንዳና ዚምባብዌ በ2022 እ.ኤ.አ. ትንንሽ ሣጥኖቻቸውን ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አስለቅቀዋል። የደቡብ አፍሪካው የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሰንሳትን በ1999 አውጥቶ ነበር። በእኛም በኩል የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአውሮፓው ኪዩቢ50 ዕቅድ ውስጥ ኢቲ-ሳት የምትባል ትንሽ ሳተላይት ለመሥራት አስቦ ነበር፤ በ2017 ከወጡት መካከል ግን አልነበረችም።

ስለዚህ የፉሪ፣ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የነዋሪዎች ማኅበራትና የፋብሪካ ሠራተኞች በራሳቸው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ አለ። እሱም ሳተላይት መሥራት ሳይሆን ማዳመጫ ማቆም ነው። ለ145 ሜጋኸርትዝ ሞገድ እያንዳንዳቸው 51 ሳንቲ ሜትር፣ ለ437ቱ ደግሞ 17 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዘንጎች በቪ ቅርጽ ሲገጠሙ አንቴና ይሆናሉ፤ ይህን ለመሥራት የብየዳ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃል። መቀበያው ለቴሌቪዥን ተብሎ ከተሠራ ቺፕ የመጣ፣ ጣት የሚያህል በኮምፒዩተር ላይ የሚሰካ ዕቃ ነው። የሳተላይቶቹን የማለፊያ ሰዓት የሚያሰሉ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። መሣሪያውን ከማስገባትና ከመትከል በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን መጠየቅ፣ ለማስተላለፍ ደግሞ የአማተር ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ዕቃው በማኅበሩ አዳራሽ ወይም በትምህርት ቤት ሊቀመጥ ይችላል፤ ዋናው መዝገቡ ነው። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛዋን ሳተላይት ሰማ፣ ቁጥሩስ ስንት ነበር? መዝገቡ በአንድ ሰው ደብተር ተደብቆ ከቀረ ከሱሉልታው ጣቢያ አጥር በምንም አይለይም።

ለጀማሪ አዳማጭ የምንመርጣት ሳተላይት ደግሞ አዲስ አይደለችም። ኦስካር-7 የተወነጨፈችው ኅዳር 6 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ የዘውዱ ሥርዓት ከወደቀ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ተኩል ያህል ከሠራች በኋላ በ1973 ዓ.ም. ባትሪዋ ውስጥ ሽቦው ተነካክቶ ኃይሏን ሁሉ ስለበላው ዝም አለች፤ ሞታለች ተብላም ተመዘገበች። ከ21 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ አንድ እንግሊዛዊ አማተር በሬዲዮው ላይ የማያውቀው የሞርስ ቁጥር ሰማ። ቁጥሩ የኦስካር-7 ቴሌሜትሪ ነበር። የተነካካው ባትሪ ጊዜ ሲያረጀው ተበጥሶ ኃይሉን መብላት ስላቆመ፣ የፀሐይ ሰሌዳዎቿ ሬዲዮዋን በቀጥታ መመገብ ጀምረው ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ባሉት ዓመታት ፀሐይ ባየች ቁጥር ትነሣለች፤ ጥላ ውስጥ ስትገባ ትጠፋለች፤ ስትነሣም ሁሉንም ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በባትሪው ፈንታ የምትልከው ቁጥር ዛሬ ትርጉም የለውም፤ የሌላው መለኪያዋ ቁጥር ግን ሲነበብ ቆይቷል፤ የመለወጫው መዝገብ በ1967 ዓ.ም. በትክክል ተጽፎ ለሁሉም ተሰጥቶ ነበርና። ከምድር 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትበር ከአድማስ በላይ የምትቆይበት ጊዜ ከትንንሾቹ ይበልጣል፤ ስለዚህም ወጨጫ እንደ ሌሎቹ ፈጥኖ አይጋርዳትም።